ጦር ሰፈር ያሳደገው ልጅ

«አገርህ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ጠያቂው ክፋት የለበትም፤ ዘመድ ሊቆጥር፣ የሚያውቀውን ሰው ሊያነሣ፣ ጨዋታውን በዚያ ሊጀምር ፈልጎ ነው። የገበሬው ልጅ ፈጥኖ ይመልሳል። የወታደር ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። የተወለደው በአንድ ካምፕ፣ አፉን የፈታው በሌላ፣ ፊደል የቆጠረው በሦስተኛው ነውና የትኛውን ብሎ ይመልስ?

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንን ዝምታ ነው። ልጅን ባለ አገር የሚያደርገው ምንድን ነው? በአንድ ቦታ ተቀምጦ ማደግ ብቻ ነውን? መልሱን ለማግኘት ከራሳችን ታሪክ እንነሣ።

፩. ተንቀሳቃሹ ከተማ

ዛሬ «ከተማ» ስንል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ከቦታው የማይነቃነቅ መንገድና ሕንፃ ነው። ጥንት ግን ቃሉ የንጉሡን ወይም የጦር አለቃውን ሰፈር ያመለክት ነበር። የዛግዌ ነገሥታት መቀመጫቸውን በላስታ አድርገው ነበር፤ ሥርወ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1270 ካበቃ በኋላ ግን፣ ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እስከ መሠረቱ ድረስ፣ ቤተ መንግሥቱ በአብዛኛው የድንኳን ከተማ ነበር። ሠራዊቱ ሲነሣ ሚስትም ሕፃንም አገልጋይም አብረው ይነሡ ነበር።

ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በዓይኑ አይቶ ለአውሮፓ አንባብያን የገለጸው እርሱ ነው። የዐፄ ልብነ ድንግልንም ሰፈር በዝርዝር ጽፎልናል። ከጽሑፉ የምንረዳው ትልቅ ነገር ሰፈሩ የትም ቢተከል ሥርዓቱ የማይለወጥ መሆኑን ነው። የንጉሡ ድንኳን፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ የፍርድ ቦታው፣ የቀኙና የግራው ሹማምንት፣ ገበያው፣ እያንዳንዱ የታወቀ ስፍራ ነበረው።

እንግዲህ በዚያ ሰፈር የሚያድገውን ሕፃን እናስበው። ተራራውና ወንዙ በየጊዜው ይለወጥበታል፤ ጎረቤቱ ግን አይለወጥም። ማታ ከድንኳኑ ቢወጣ በስተቀኙ ማን እንዳለ፣ በስተግራው ማን እንዳለ ያውቃል። ቦታ ባይኖረውም ስፍራ ነበረው።

የቋንቋችንም ምስክርነት አለ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በየአውራጃው የሰፈሩት የጦር ክፍሎች «ጨዋ» ይባሉ ነበር። ዛሬ ግን «የጨዋ ልጅ» የምንለው በመልካም ሥነ ሥርዓት ያደገውን ነው። የጦር ሰፈር ስም የነበረው ቃል የመልካም አስተዳደግ ስም ሆኖ ቀርቷል።

፪. ስሙ ያልራቀው ልጅ

በላስታና በሌሎች የሰሜን ደጋ አገሮች የወታደርን ልጅ ከአገሩ ጋር የሚያስተሳስር ሌላ ገመድም ነበር፤ እርሱም ርስት ነው። የርስት መብት በዘር ሐረግ የሚቆጠር ስለ ነበረ፣ አባቱ በሩቅ አገር ሲያገለግል የተወለደ ልጅ እንኳ ትውልዱን ቆጥሮ ድርሻውን ሊጠይቅ ይችል ነበር። ይህ ሥርዓት ብዙ ሙግትና በደል የነበረበት ቢሆንም፣ ልጁ በአካል ቢርቅም ስሙ በአያቱ መንደር እንዲኖር ያደርግ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ሲሻር ያ ገመድ ተበጠሰ።

፫. የዘመናችን ዝውውር

በዘመናዊው ሠራዊት የልጁ ኑሮ ሌላ መልክ ያዘ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሁለተኛው ክፍለ ጦር በአሥመራ፣ ሦስተኛው በሐረር ነበሩ፤ በደርግ ዘመንም ሠራዊቱ እጅግ በዛ። ከእንግዲህ ሰፈሩ በሙሉ በአንድነት አይነሣም፤ የዝውውር ደብዳቤ የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነው። ቤተሰቡ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሄድ ጎረቤቱ እዚያው ይቀራል። እንግዲህ የጥንቱ ልጅ ቦታ ብቻ ሲለወጥበት፣ የዛሬው ልጅ ቦታም ሰውም ይለወጡበታል። ልዩነቱ ይህ ነው።

በሶማሊያ ጦርነት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ወላጆቻቸው የወደቁባቸው ልጆች ደግሞ በአላጌ በተቋቋመው የሕፃናት አምባ አብረው አደጉ። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሆነው ሳለ እንደ አንድ ቤት ልጆች መተያየታቸው ወንድማማችነት ከአንድ ቀዬ በመወለድ ብቻ እንደማይመጣ ያሳያል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። ከ400 ሺህ በላይ የሚሆኑ የቀድሞ ወታደሮችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አንድ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከኤርትራም የወታደር ቤተሰቦች በብዛት ወደ መሐል አገር መጡ። ካምፕ እንጂ ሌላ ቤት የማያውቁ ልጆች «ወደ አገራችሁ ግቡ» ተባሉ።

፬. የአንድ ጓደኛዬ ነገር

በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት አብሮኝ የተማረ ጓደኛ ነበረኝ። አባቱ የላስታ ሰው ነበሩ። እርሱ የተወለደው በሐረር፣ ትምህርት የጀመረው በአሥመራ ነው። በ1983 ዓ.ም.፣ በዘጠኝ ዓመቱ፣ ከእናቱና ከሁለት እኅቶቹ ጋር አይቶት ወደማያውቀው ወደ አያቱ መንደር ገባ። አባቱ የት እንዳሉ የሚያውቅ አልነበረም።

ብርዱ ለብቻው፣ የገብሱ እንጀራ ለብቻው አስቸገረው። በግ ማገድ አያውቅም፤ በአነጋገሩ ትግርኛ ይቀላቅል ነበርና የመንደሩ ልጆች ይስቁበት ነበር። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት የአባቱን ስም ከነማዕርጉ ይነግራቸው ነበር፤ ማዕርጉ ግን በዚያ መንደር ምንም አይፈታም።

አያቱ ይህን አዩ። ማታ ማታ በእሳት ዳር አስቀምጠው የአባቱን አባት፣ የአያቱን አባት፣ እያሉ እስከ ሰባት ቤት አስቆጠሩት። «እንግዲህ ልጄ፣ ሲጠይቁህ ከዚህ ጀምር» አሉት። ቆይቶም አንድ ጎረቤት ግልገሎቹን እንዲጠብቅለት አደራ ሰጠው። በዚያች ቀን መሸበትና ከጉብታው ማዶ ስሙን እየጠሩ ሲፈልጉት ሰማ። «አገር እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው» ይለኝ ነበር፤ «ስዘገይ የሚጠራኝ ሰው አገኘሁ።»

የአባቱ መርዶ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። መንደሩ በሙሉ አብሯቸው አለቀሰ።

፭. ከዚህ ምን እንማራለን?

ብዙ የተዘዋወረ ልጅ ትርፍም አለው። ቋንቋ ይለምዳል፤ የሌላውን ሰው ወግ አይንቅም፤ እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚያናግረው እርሱ ነው። ጉዳቱ ግን ስውር ነው። መለየት ስለማይቀር ከሰው ጋር መላመድን ይፈራል፤ ዝምታውንም ብዙዎች ኩራት ይሉታል።

ልጁ የሚሻው የማይለወጥ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ስፍራውንና ስሙን የሚያውቅለት ሰው ነው። ይህንን ደግሞ ልንሰጠው የምንችለው ተቀባዮቹ እኛ ነን። መምህራን ሆይ፣ የሚከተሉትን እንድታስተውሉ አደራ እንላለን።

ሀ) አዲስ የመጣውን ልጅ በጉባኤ ፊት «አባትህ የት ነው የሚያገለግለው?» ብላችሁ አትጠይቁት። ላስታ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦርነት አውድማ ነበረች፤ ላሊበላም ከአንዱ ኃይል ወደ ሌላው እጅ በተደጋጋሚ አልፋለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቷል። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት የሁለት ልጆች አባቶች በተቃራኒ ወገን የተሰለፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅ የአባቱን ጦርነት ወደ ክፍል እንዲያስገባ አይገደድ።

ለ) በመጀመሪያው ቀን የታወቀ መቀመጫ፣ የታወቀ ተግባርና አንድ ጓደኛ ስጡት። መጻሕፍት ማደል ወይም ጥቁር ሰሌዳ ማጥፋት ቢሆንም ይበቃል፤ ሳይመጣ ሲቀር የሚጎድል ሰው ይሁን።

ሐ) ሲሄድ በዝምታ አይሂድ። አሰናብቱት፤ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱንና እስከምን እንደተማረ የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዝ፤ በሄደበት ሁሉ ከ«ሀ» እንዳይጀምር።

መ) እናቱን አትርሱ። ባልዋ በግዳጅ ላይ ያለ ሴት ለሰፈሩ እንግዳ ናት። እድር መዋጮና የቆየ አባልነት ይጠይቃል፤ በየሁለት ዓመቱ የምትዛወር ሴት ግን የየትኛው እድር አባል ትሆናለች? መርዶ በመጣ ቀን ድንኳን የሚተክልላት ከሌለ ሐዘንዋ እጥፍ ነው። የእድርና የማኅበር አባላት የሆናችሁ ምእመናን ይህን ደንብ ደግማችሁ እንድትመለከቱት እንለምናችኋለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን በዚህ ዓመት አዲስ የገባ ቤተሰብ አለን? የልጆቹን ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

2. ካለፈው ዓመት መዝገብ ላይ ስማቸው ያለ፣ አሁን ግን የሌሉ ልጆች እነማን ናቸው? ወዴት ሄዱ? የጠየቃቸውስ አለ?

3. እድራችን ገና ለመጣ ቤተሰብ ሐዘን ቢደርስበት ምን ያደርጋል? ደንቡ ዝም ካለ እኛስ ምን እናድርግ?