«ቀሪ ሒሳቤን እንዴት ልጠይቅ?»

ጥር በእንጅባራና በዳንግላ የሥራ ወር ነው። ሠርጉ ይደራረባል፤ ጥር 23 ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል አለ። ቪዲዮ ቀራጩ፣ ፎቶ አንሺው፣ ድምፅ ማጉያ አከራዩ፣ ባነር ሠሪው ሁሉ እንቅልፍ የለውም። ጣጣው የሚመጣው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ቪዲዮው ተቀናብሮ፣ አልበሙ ታትሞ ተወስዷል፤ ቀሪው ክፍያ ግን የለም። ደንበኛው ወይ የአክስት ባል ነው፣ ወይ በየቀኑ ሰላምታ የምንለዋወጠው ጎረቤት። ባለሙያው «ምን ይሉኛል» እያለ ወር ያሳልፋል።

ይህ ይሉኝታ በሕጉ ዘንድ ገንዘብ ያስከፍላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1772 እንደሚለው፣ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ መብት ለመጠየቅ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። በዘገየ የገንዘብ ዕዳ ላይ የሚታሰበው በዓመት 9 በመቶ ወለድም በመደበኛው የሚቆጠረው ከማስጠንቀቂያው ቀን ጀምሮ ነው። 20 ሺህ ብር ቀርቶበት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀ ሰው 1 ሺህ 800 ብር አመለጠው ማለት ነው። መጠየቅዎ ድፍረት ሊመስልዎ አይገባም፤ ሕጉ ራሱ ከእርስዎ የሚጠብቀው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ማስጠንቀቂያው ቁጣ አያስፈልገውም። እንዲህ ብለው በቴሌግራም ወይም በወረቀት ይጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጥር 12 ቀን ለልጅዎ ሠርግ የሠራሁትን ቪዲዮና አልበም የካቲት 20 አስረክቤያለሁ። ከተስማማነው 35 ሺህ ብር 15 ሺህ ተከፍሎኛል። ቀሪውን 20 ሺህ ብር እስከ መጋቢት 15 ድረስ እንዲከፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

የሥራው ዓይነት፣ ርክክቡ፣ ቀሪው ገንዘብ፣ የመክፈያው ቀን፤ ሌላ አይጨምሩ። «ቢቻልዎ»፣ «ካላስቸገርኩ» የሚሉትን ይተዉአቸው፤ ጥያቄውን ወደ ልመና ይለውጡታል።

ብዙዎች «የጽሑፍ ውል የለኝም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ይህ ስሕተት ከብድር ሕግ የመጣ ይመስለኛል፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መሆን አለበት የሚለውን ሰምተው ለሁሉም ውል ያውሉታል። የሠርግ ቪዲዮ ብድር አይደለም። በአንቀጽ 1719 መሠረት ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ ውል በቃልም ይጸናል። ቀብድ ተቀብለው ከሆነማ፣ በአንቀጽ 1883 ቀብዱ ራሱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። (ቀብድ ተቀብለው ሥራውን ከተዉ ግን እጥፉን እንደሚመልሱ ያስታውሱ።) የቴሌብር መልእክቱን አያጥፉ። «ፎቶዎቹ ደርሰውኛል፣ ያምራሉ» የሚለውን የደንበኛውን መልስም ያስቀምጡ፤ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል።

አጥብቄ የማስጠነቅቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራን ነው። ለጽሕፈት ቤት ባነር ወይም ዘጋቢ ፊልም ሲታዘዙ፣ የኃላፊው «ሥራው፣ በጀቱ ይለቀቃል» የሚል ቃል አይበቃም። በአንቀጽ 1724 የመንግሥት አስተዳደር ውል በጽሑፍ መደረግና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። ኃላፊው ከተቀየረ በኋላ ወረቀት የሌለው ሰው በጣም ይቸገራል።

ደንበኛው ቀኑ አልፎ ዝም ካለ፣ በአካባቢያችን ወግ ሽማግሌ መላክ መልካም ነው፤ እኔም ከክስ በፊት ይህን እመክራለሁ። ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ ፊት የተስማሙበትን መጠንና ቀን ጽፈው ይፈራረሙ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ካልሆነ ወደ ፍርድ ቤት ነው። መጠኑ የታወቀ የገንዘብ ዕዳ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 284 በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይቻላል። በዚህ መንገድ ተከሳሹ ለመከራከር አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ጉዳዩም ቶሎ የመቋጨት ዕድል አለው።

ጊዜውንም ይቁጠሩ። በመደበኛው የውል ክስ በ10 ዓመት ይታገዳል። ለሐኪም፣ ለጠበቃ፣ ዕቃ ሠርቶ ለሸጠ የእጅ ባለሙያና ለመሳሰሉት ግን አንቀጽ 2024 አለ፤ ሁለት ዓመት ካለፈ ዕዳው እንደተከፈለ ይገመታል፤ ይህን ግምት ማፍረስም ከባድ ነው። ቁም ሳጥን ሠርተው የሰጡ አናጢ ከሆኑ ጥያቄዎን ለሚመጣው ጥር አያሳድሩት።