የመሃሉ ንብርብር፦ የእንዶድ ኤክስትራክት በመለያ ፈነል ውስጥ አልለይ ሲል

መግቢያ

የእንዶድ (ፋይቶላካ ዶዴካንድራ) ፍሬ ለልብስ ማጠቢያነት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ከተመለከቱ ወዲህ፣ ፍሬው ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ለመግደል ባለው ኃይል የብዙ ጥናቶች ትኩረት ሆኗል። አረፋውን የሚያስነሡትም ሆነ ቀንድ አውጣውን የሚገድሉት ሳፖኒን የተባሉ ውህዶች ናቸው። እነዚሁ ውህዶች ኤክስትራክቱ በውሃና በቡታኖል መካከል ሲከፋፈል ንብርብሮቹ እንዳይለዩ ያደርጋሉ። ይህ ጽሑፍ የችግሩን መንስኤ መለያና የመፍትሔ መምረጫ ቅደም ተከተል ያቀርባል።

መንስኤውን መለየት

የንብርብር አለመለየት ሦስት መልክ አለው፤ ሦስቱም የተለያየ መፍትሔ ይሻሉ።

አንደኛ፣ በፈሳሹ ውስጥ ምንም ወሰን አይታይም። የዚህ ዋና ምክንያት ከኤክስትራክቱ ያልተወገደ ሜታኖል ነው። ሜታኖል ከውሃም ከቡታኖልም ጋር ስለሚዋሃድ ሁለቱን ያቀራርባል። ሜታኖሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር አስወግዶ ቅሪቱን በውሃ እንደገና ማሟሟት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ወሰኑ ቢታይም መለየቱ እጅግ ይዘገያል። በስኳርና በሳፖኒን የተሞላ ውሃ ዝልግልግ ስለሚሆን ጠብታዎቹ በቀላሉ አይንቀሳቀሱም። ውሃ በመጨመር ማቅጠን ይረዳል። ቡታኖል ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ውሃ ስለሚይዝ፣ አስቀድሞ በውሃ የጠገበ ቡታኖል መጠቀም የንብርብሮቹን መጠን ከመለዋወጥ ያድናል።

ሦስተኛ፣ በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ነጭ አረፋማ ክፍል ለሰዓታት ይቆያል። ይህ ኢመልሽን ነው። የሳፖኒን ሞለኪውል በስኳር ወገኑ ወደ ውሃ፣ በትሪተርፒን ወገኑ ወደ ኦርጋኒክ አሟሚው ዞሮ ጠብታዎቹን ይሸፍናል፤ እንዳይቀላቀሉም ያግዳል። ፕሮቲን፣ ሙጫነት ያላቸው ስኳሮችና የደቀቀ የተክል ብናኝ ሽፋኑን ያጠነክሩታል።

የመፍትሔዎች ቅደም ተከተል

ናሙናውን ከማይነካው መጀመር ይገባል። ፈነሉን በኃይል ከመናጥ ይልቅ በዝግታ ደጋግሞ መገልበጥ፣ ኤክስትራክቱን አስቀድሞ ማጣራትና በሄክሳን ስቡን ማስወገድ ኢመልሽኑ እንዳይፈጠር ይከላከላሉ። ከተፈጠረ ደግሞ ሴንትሪፊውጅ ማድረግ ወይም በብርጭቆ ጥጥ ማሳለፍ ይሞከራል።

ጨው ቀጥሎ ይመጣል። ሶዲየም ክሎራይድ የውሃውን እፍግታ ይጨምራል፤ ቡታኖል በውሃ ውስጥ የመሟሟት ችሎታውንም ይቀንሳል። ሆኖም ጨው የሚያስከትለው ዋጋ አለ። የውሃው ክፍል ደርቆ በሚሊግራም ተመዝኖ በቀንድ አውጣ ላይ ሲፈተሽ፣ የተመዘነው በአብዛኛው ጨው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጨው የተጨመረበት ክፍል እኩል ጨው ካለበት መቆጣጠሪያ ጋር ካልተነጻጸረ ውጤቱ አይታመንም።

ከአሲድ ወይም ከአልካሊ ጋር ማሞቅ መወገድ አለበት፤ የሳፖኒኑን የስኳር ትስስር ይሰብራልና። በውሃ የተፈጨ የእንዶድ ፍሬም የራሱ ኢንዛይሞች ከሳፖኒኑ አንዱን የስኳር ሰንሰለት አላቅቀው ቀንድ አውጣ ወደሚገድለው ዓይነት ይለውጡታል። ስለሆነም በውሃ የተዘጋጀን ኤክስትራክት ኢመልሽኑ እስኪለይ እያሉ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ራሱ ናሙናውን ሊለውጥ ይችላል።

ሙሉውን ናሙና ለሙከራ ከማጋለጥ፣ ከኢመልሽኑ 5 ሚሊ ሊትር በየሙከራ ቱቦው ቀድቶ በእያንዳንዱ አንድ መፍትሔ ብቻ መሞከርና አንዱን ያለ ምንም ጭማሪ ማቆየት ይመረጣል።

የመሃሉ ንብርብር አይጣልም

በብዙ ሥራዎች ላይ አልለይ ያለው ክፍል እንደ ቆሻሻ ይደፋል። በእንዶድ ግን ኢመልሽኑን የሚያጸናው የሚፈለገው ውህድ ራሱ ነው። ክፍሉ ሲደፋ የምርት መጠኑ ከእውነቱ ያንሳል፤ የቀሩት ክፍሎችም ደካማ መስለው ይታያሉ፤ አንባቢውም ስሕተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የመሃሉ ንብርብር ለብቻው ተሰብስቦ መመዘን፣ በቀጭን ንጣፍ ክሮማቶግራፊ ከሌሎቹ ጋር መነጻጸርና በዘዴ ክፍል ውስጥ መመዝገብ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ጥሩ መለየት የሚጀምረው ንብርብሮቹ ለምን እንዳልተለዩ ከመጠየቅ ነው። ፈጣኑ መፍትሔ ሁልጊዜ ትክክለኛው አይደለም፤ ትክክለኛው ቀጥሎ የሚመጣውን ፍተሻ የማያዛባው ነው።