ካደጉ በኋላስ የት ይዋሉ?

የአእምሮ እድገት ውስንነት እብደት አይደለም፤ መማርና መረዳት ብዙ ጊዜ ሲወስድ ነው። አዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ ማዕከል ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ያስተምራል። (ኦቲዝም ሌላ ነው፤ ሁለቱ ግን አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።) ልጆች ደግሞ ያድጋሉ! አዋቂ ሲሆኑስ ቀኑን የት ይዋሉ? ቤት ተዘግቶባቸው?

ሥራ በትንንሹ ሲከፋፈል ይለመዳል። በርበሬን እንውሰድ፦ መጀመሪያ የተበላሸውን መልቀም ብቻ፣ ያን ሲለምድ ማስጣት፣ ከዚያ መቀንጠስ። ደጋግሞ ማሳየት እንጂ መቆጣት አይረዳም። ይሄ በቡታጅራም በወልቂጤም ይቻላል፤ በርበሬ የማይሰጣበት ግቢ የታለ?

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 19፣ በማኅበረሰቡ መካከል መኖር መብታቸው ነው ይላል። ስለዚህ ገበያም ሰርግም ሲኬድ አብረው ይሂዱ። ለመስቀል ግቢ ሲጸዳም አንዱን መጥረጊያ ለእነሱ ስጡ።