አንድ ስድስተኛው ታንክ ስንት ይመዝናል?

በአሜሪካ በሬዲዮ የሚታዘዙ ትልልቅ የታንክ ሞዴሎችን በትርፍ ጊዜያቸው ሠርተው የሚያዋጉ ሰዎች አሉ። ጥይቱ ቀለም የያዘች ኳስ ናት፤ የተመታው በቀለሙ ይታወቃል። መጠኑ ከእውነተኛው አንድ ስድስተኛ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው የጀርመኖቹ ታይገር 57 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ሞዴሉስ? ክፍል ውስጥ ብትጠይቁ ለ6 አካፍሎ «9 ቶን ተኩል» የሚል አይጠፋም። እኔም ብያለሁ! እንዲያ ከሆነማ ማን ገፍቶ ከግቢ ያወጣዋል?

ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ቁመቱም እያንዳንዳቸው ለ6 ስለተካፈሉ ይዘቱ የሚካፈለው ለ6×6×6፣ ማለትም ለ216 ነው። ስለዚህ 264 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ያውም ሁሉም በዚያው ብረት፣ ውፍረቱም በዚያው ልክ ተቀንሶ ቢሠራ ነው። በኮምፔንሳቶና በአሉሚኒየም የሚሠራ ሰው ከዚያ በጣም ያቀለዋል። ሞተርና ባትሪ የሚመረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

የመድፉ አፍ ግን ርዝመት ስለሆነ አንዴ ብቻ ይካፈላል፤ 88 ሚሊ ሜትሩ 15 አይሞላም። የቀለሟ ኳስ 17 ናት! መድፉን ትንሽ ማስፋት ግድ ነው።

ለማስተማር ታንክ አያስፈልግም። ጎኑ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ከጭቃ ሥሩና በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ቆራርጡት። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቁጠሩት፤ ጊዜ ቢፈጅም አታቋርጧቸው።