በምሳ ሰዓት ስለ እምነት ለሚነጋገሩ

በናይሮቢ መሃል ከተማ ምሳ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ነው። በዚያች አንድ ሰዓት የጂቫንጂ መናፈሻ አግዳሚ ወንበሮች በሠራተኛ ይሞላሉ። የተቀቀለ እንቁላል ሰንጥቆ ካቹምባሪ የሚጨምርበት ልጅ ባልዲውን አንጠልጥሎ ይዞራል፣ ዛፍ ሥር ደግሞ አንዱ ሰባኪ ድምፅ ማጉያውን ይከፍታል። መናፈሻውን ለከተማው የሰጡት አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ ከካራቺ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ሰባኪው ይህን ቢያውቅ አንዳንዱን ቃል መለስ ብሎ ያስብበት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ይህ ምክር ግን ለአደባባይ ሰባኪ አይደለም። በሱቅ፣ በቢሮ፣ በጋራዥ ወይም በልብስ ስፌት ቤት ውለው፣ አጠገባቸው ከሚሠራ ሙስሊም ወይም ሂንዱ ጋር ስለ ጌታ መነጋገር ለሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ነው።

1. የቆሙበትን ቦታ ይወቁ

አገር ቤት ያደገ ወንጌላዊ ራሱን ከጥቂቶቹ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቆጠራ በኢትዮጵያ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ ነበር። “ጴንጤ” እየተባለ ያደገ ሰው አፉ ለመልስ የፈጠነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራሱን መከላከል ስለነበረበት። ኬንያ ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቆጠራ ከአምስት ሰው ከአራት በላይ ክርስቲያን ሲሆን ሙስሊሙ 10.9 በመቶ ነው፤ ሂንዱው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የውጭ ዜጋ ቢሆኑም በእምነት በኩል ከብዙኃኑ ወገን ነዎት፤ ባልደረባዎም የሚያይዎት እንደዚያው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የኃይለ ሥላሴ ጎዳና ከሞይ ጎዳና በሚገናኝበት ጥግ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ በነበረበት ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1998 በፍንዳታው ለሞቱት የመታሰቢያ ሥፍራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በዌስትጌት የገበያ ማዕከል 67 ሰዎች ተገደሉ። በቀጣዩ ዓመት ፖሊስ የኢስትሌይን ሠፈር ሲፈትሽ ብዙ ሶማሊዎች ታፍሰው ካሳራኒ ስታዲየም ተይዘው ነበር። የእርስዎ ባልደረባ ከሁለቱም በኩል የቆሰለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወሬውን ከሽብር አይጀምሩ፣ “እናንተ ለምን…” የሚል ጥያቄም ከአፍዎ አይውጣ።

2. ሕጉን ይወቁ

የኬንያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጸድቅ በአንቀጽ 8 የመንግሥት ሃይማኖት እንደማይኖር ደንግጓል። አንቀጽ 32 ለማንም ሰው ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በግልም በአደባባይም እንደ እምነቱ የማምለክና እምነቱን የማስተማር መብት ይሰጣል። እዚያው አንቀጽ ላይ ሰው ከእምነቱ የሚቃረን ነገር እንዲያደርግ አይገደድም ይላል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እናስታውሳለን፣ ሁለተኛውን እንዘላለን።

በሥራ ቦታ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2007 የሥራ ሕግ አንቀጽ 5 በሃይማኖት ምክንያት ሠራተኛን ማበላለጥንና ማዋከብን ይከለክላል። ከዚህ ተነሥተው ሦስት ነገር ይያዙ። የአሠሪውን ሰዓት አይንኩ። ደንበኛ ቆሞ እያለ አይስበኩ። አለቃ ከሆኑ ደግሞ በሥርዎ ላለ ሠራተኛ ወሬውን እርስዎ አይክፈቱ፤ ፈረቃውንና ደመወዙን የሚወስን ሰው ሲጋብዘው “እምቢ” ማለት ይከብደዋልና። ራሱ ከጠየቀ በምሳ ሰዓት ይመልሱለት። የተቸገረን ሰው ሲረዱም እንዲሁ ነው። ሥራ ማገናኘት፣ የቤት ኪራይ ማበደር፣ ወረቀት ለማስጨረስ አብሮ መሄድ ከስብከት ጋር መያያዝ የለበትም። እርዳታውን የሰጡት ለሰውየው ችግር ነው፣ በዚያው ያብቃ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2023 በኪሊፊ አውራጃ በሻካሆላ ጫካ እንዲጾሙ የተሰበከላቸው የአንድ ፓስተር ተከታዮች ከ400 በላይ አስከሬን ከተቆፈረ ወዲህ ኬንያውያን “ፓስተር ነኝ” ባይን በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። ትፈወሳለህ ብለው ቃል አይግቡ። ማንንም መድኃኒትህን ተው፣ እስከዚህ ቀን ጹም አይበሉ።

3. መጽሐፉን አስቀድመው ያጥኑ

ለዚህ ሥራ የሚጠቅመውን አንድ ምዕራፍ ምረጥ ብባል የሐዋርያት ሥራ 19ን እመርጣለሁ። ጳውሎስ በኤፌሶን፣ አርጤምስ በምትመለክበት ከተማ፣ ጢራኖስ በሚባል ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት አስተምሯል። አንዳንድ ጥንታዊ የግሪክ ቅጂዎች ሰዓቱን ከ5 እስከ 10 ሰዓት ያደርጉታል። በእኛም በስዋሂሊም አቆጣጠር ያው ነው፦ ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ ሥራ የሚያቆምበት ጊዜ። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ስለነበር ቅጂዎቹ ትክክል ከሆኑ የእጅ ሥራውን ጠዋት ጨርሶ ሰው ባረፈበት ሰዓት ያስተምር ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ቁጥር 37 ነው። ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ የጳውሎስ ወዳጅ ያልሆነው የከተማው ጸሐፊ ስለ ክርስቲያኖቹ ሲመሰክር እነዚህ ሰዎች ቤተ መቅደስ አልዘረፉም፣ የእኛንም አምላክ አልሰደቡም ብሎ ነው። ጳውሎስ ጣዖት አምላክ አይደለም ብሎ በግልጽ ያስተምር ነበር፤ ይህን ከሳሾቹ ያቀረቡበት ክስ ራሱ ይናገራል። ግን አልሰደበም። የእርስዎም መለኪያ ይኸው ይሁን፦ ባልደረባዎ ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንዳሉት ለቤተሰቡ ቢነግር፣ “ሰደበን” ይላል ወይስ “አልተስማማንም” ይላል?

ዝግጅቱ እንዲህ ይሁን። አንዱን ወንጌል መርጠው ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ። ማርቆስ አጭሩ ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ጥቅስ ነጥቆ መወርወር የሚጋለጠው ሰውየው “ከዚያ በፊት ምን ይላል?” ሲልዎት ነው። አብሮዎት ሊያነብ የፈለገ ካለ 16 ምዕራፎች አሉ፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ቢሆን ከሦስት የሥራ ሳምንት ብዙ አይዘልም። በአማርኛ ሲያነቡ የ1954ቱን ትርጉም ከአዲሱ መደበኛ ጋር እያስተያዩ ያንብቡ። ለሌላው የስዋሂሊ ወይም የእንግሊዝኛ ቅጂ በእጅዎ ይኑር። የስዋሂሊውን ትርጉም ሥራ ከጀመሩት አንዱ ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1844 ሞምባሳ ከመግባቱ በፊት ሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር፣ ሲሠራ የቆየ ሰው ነው።

4. ከመናገርዎ በፊት ይጠይቁ

ፊልጶስና ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ (የሐዋርያት ሥራ 8) የሚነበብልን የአገራችንን ስም ስለሚጠራ ነው። ሥርዓቱን ግን ልብ አንለውም። ፊልጶስ መጀመሪያ ሰማ፣ ቀጥሎ ጠየቀ፣ ሠረገላው ላይ የወጣው ሲጋበዝ ነው፣ ትምህርቱንም የጀመረው ሰውየው ያነብ ከነበረበት ቦታ ነው።

በቢያሻራ መንገድ አካባቢ በአንድ ጨርቅ ቤት ያየሁትን ልጥቀስ። ባለ ሱቁ ከሐረርጌ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ሠራተኛዋ ወንጌላዊት። ገበያው ቀዝቅዞ ሻይ እየጠጡ ነው።

“ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እናንተ ዘንድ ልጆች ስለ ዒሳ ምን ይማራሉ?”

“ታላቅ ነቢይ ነዋ! ያለ አባት ከመርየም የተወለደ። ምነው፣ ልታጠምቂኝ አሰብሽ እንዴ?”

“አይ ሐጂ፣ ከሰው ሰምቼ ከማወራ ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው።”

ሳቁና ቀጠሉ። ልጅቷ በመሃል አልገባችም፤ ያልገባትን ደግማ ጠየቀች። በመጨረሻ “አንቺስ?” ያሉት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ የነገረቻቸው ባጭሩ ነበር፣ ደንበኛ ሲገባም አቆመች።

5. ከሙስሊም ጋር ሲነጋገሩ

ዝርዝሩ የሚበዛው እዚህ ነው፤ ጉዳዩን የምናውቀው እየመሰለን ብዙ የምንስተው በዚህ ነውና።

ቁርኣን ዒሳን በክብር ይጠራል፣ 19ኛው ሱራ በመርየም ስም የተሰየመ ነው። በ4፥157 ግን መሰቀሉን ይክዳል፣ በ4፥171 “ሦስት” ማለትን ይከለክላል። ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። “ሁላችንም አንድ ነን” ብሎ መሸፋፈን ሐቀኝነት አይደለም፣ ሰሚውም አያምነውም። በ5፥116 የተነሣው ጥያቄ ስለ ዒሳና ስለ እናቱ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሙስሊም “ሥላሴ” ሲሉት አብ፣ ማርያምና ልጅ ማለትዎ ይመስለዋል። መከራከር ሳያስፈልግ “እንዲህ አናምንም፣ የምናምነው ይህን ነው” ብለው ማረም የእርስዎ ድርሻ ነው። እርስዎም በተራዎ ስለ እስልምና የሚሉትን ሙስሊሙ “አዎ፣ እንዲህ ነው የምናምነው” የሚልልዎት መሆን አለበት። የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክለው ትእዛዝ በሃይማኖት ክርክርም ላይ ይሠራል።

ሐበሻ መሆንዎ ሲታወቅ ብዙው ሙስሊም የሚያነሣልዎት ነጃሺን ነው። በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ነጃሺ ወደሚሉት የአክሱም ንጉሥ ሸሹ፣ ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም ከሱረቱ መርየም አነበበለት። ይህ ጥሩ በር ነው፣ አያበላሹት። በሙስሊሞች ዘንድ ንጉሡ ሰልሟል፣ በእኛ ትውፊት እንዲያ አይባልም። እዚያ ላይ ሙግት ከከፈቱ ሰዓቱ ያልቃል። ንጉሡ ስደተኛን አሳልፎ አለመስጠቱ ላይ ግን ሁለታችሁም ትስማማላችሁ።

የሥራውን ቀን መቁጠሪያም ይዩ። ዓርብ ቀትር ላይ በባንዳ መንገድ ያለው ጃሚያ መስጊድና አካባቢው በሰጋጅ ይሞላል፣ ቀጠሮ አይያዙ። በረመዳን ምሳ አይጋብዙ። መጽሐፍ ቅዱስዎን ወለል ላይ ወይም ከቦርሳ ሥር አያኑሩ። ቅዱስ መጽሐፍን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ለለመደ ሰው ያ ራሱ ንቀት ነው።

6. ወደ አደባባይ ክርክር ሲጋበዙ

በስዋሂሊ ሚሃዳራ የሚባለው የሙስሊምና የክርስቲያን ሰባኪዎች የአደባባይ ሙግት በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ነው። ተናጋሪዎቹ የሌላውን መጽሐፍ በቃል የሚጠቅሱ፣ ሕዝብ ማሳቅ የሚያውቁ ናቸው። በደንብ ካልተማሩ አይግቡበት፤ ቢማሩም ሰው በጭብጨባ መሃል ሐሳቡን ሲለውጥ እምብዛም አይታይም። ትምህርቱን የፈለገ እዚሁ ናይሮቢ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለውን ፕሮክሙራን ማነጋገር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ፣ በአፍሪካ የክርስቲያንና የሙስሊም ግንኙነት ላይ የሚሠራ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ወንጌላውያን ኅብረት ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና ከቫቲካን ጋር ሆኖ ስለ ምስክርነት ሥነ ምግባር ያወጣው ሰነድም አጭር ነው፣ በአንድ የምሳ ሰዓት ይነበባል።

7. በሕንዶቹ ሱቅ

ሕንዳዊ ሁሉ ሂንዱ አይደለም። ናይሮቢ ካሉት ሕንዳውያን ነጋዴዎች አንዳንዱ ጄይን ነው፣ ሌላው ሲክ ነው፣ ሌላው እስማኤላዊ ሙስሊም። ሳይጠይቁ አይፈርጁ። ሥጋ የማይበላ ብዙ ነው፤ ኛማ ቾማ ቤት ወስዶ ስለ ፍቅር ማውራት አይሆንም። አንድ ስሕተት ደግሞ ተደጋግሞ ይታያል፦ ሂንዱው “ኢየሱስን እቀበላለሁ” ሲል ወዲያው ደስታ ይሆናል። እሱ ግን ከሚያከብራቸው አማልክት ጋር ጨምሮት ሊሆን ይችላል። አይቸኩሉ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁት።

8. ስም፣ ስልክና ፎቶግራፍ

ይህን ቸል የሚል ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኬንያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሰውን እምነት ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይቆጥረዋል። የጠያቂዎችን ስም ዝርዝር በቴሌግራም ቡድን አይለጥፉ። የጸሎት ርእስ ሲሰጡ ስም፣ ሠፈርና የሥራ ቦታ አንድ ላይ አይናገሩ። ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሣ፤ ቢፈቅድም እንዳይለጠፍ። ከሙስሊም ቤተሰብ የመጣ ሰው አንዲት ፎቶ ቤቱንም ሥራውንም ልታሳጣው ትችላለች። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ወላጅ ሳያውቅ ምንም አይጀመር።

9. መልሱ ከመጣ በኋላ

“አልፈልግም” ያለዎት ባልደረባ ነገም ባልደረባዎ ነው። ቡናውን እንደ በፊቱ ያፍሉለት። ራሱ እስኪያነሣው ድረስ ወሬውን አይመልሱ።

“እፈልጋለሁ” ካለ ደግሞ ወደ እኛ የአማርኛ ጉባኤ ይዞ መሮጥ ይቀናናል። መዝሙሩ ደስ ቢለውም ስብከቱን አይሰማም፤ ከስብከት በኋላ ቡናው ላይ ሁሉም በአማርኛ ያወራል፣ እሱ ስልኩን ይነካካል። በሚገባው ቋንቋ የሚያመልክ፣ ለሠፈሩ የቀረበ፣ ሽማግሌዎቹ የሚታወቁ ጉባኤ ይፈልጉለት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብረውት ይሂዱ። የጥምቀቱን ቀን እሱና ሽማግሌዎቹ ይወስኑ፣ ለቤተሰቡም መቼና እንዴት እንደሚነግር ራሱ ይምረጥ።