ትልቁን ወጪ የሚከፍል አለ

ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ውስጥ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተማሪ «ውጭ ሄጄ መማር እፈልጋለሁ» ሲል ቤተሰቡ ቀድሞ የሚጠይቀው «በምን ገንዘብ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በሬ ተሸጦ፣ መሬት ተከራይቶ የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ሴሚስተር ክፍያ እንኳ አይሸፍንም። ይህን እያወቅሁ ለሐሙሲት፣ ለአንበሳሜ፣ ለወረታና ለደብረ ታቦር ወጣቶች በሙሉ ልቤ የምነግራችሁ ነገር አለኝ፤ ትልቁን ወጪ የሚከፍል ሌላ አለ። የትምህርቱን፣ የአውሮፕላኑን፣ የማደሪያውንና የቀለቡን ወጪ የሚሸፍኑ የታወቁ ስኮላርሺፖች በየዓመቱ ይከፈታሉ። የእናንተ ድርሻ ትንንሹ ወጪና ዝግጅቱ ነው። ብዙ ጎበዝ ልጅ ከመንገድ የሚቀረውም እዚህ ላይ ነው፤ ፓስፖርት ሳያወጣ፣ የስሙን ፊደል ሳያስተካክል፣ የማመልከቻው ቀን ሲያልፍበት።

መጀመሪያ ግን አንገት ያስደፋችሁን ነገር እናንሳ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት አንዳንዶቹ ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገቡ፤ የሰፈር ሰውም «ወደቀ» አላቸው። እኔ ይህን ቃል አልቀበለውም። ደረጃ አራትን ጨርሶ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ተፈትኖ ያለፈ ልጅ በእጁ ሙያ አለው፤ ሙያ ደግሞ ከሀገር ውጭ የሚፈለግ ነገር ነው።

ርቆ ሄዶ መማርም ለደቡብ ጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ የመጣ ልጅ ጎጆ ቀልሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ዓመታት ይማራል። የሚያበላው የማይዛመደው የአካባቢው ገበሬ ነው። ልጁ ያንን ቁራሽ የሚቀበለው በማጥናቱና በመጽናቱ ነው፤ ማንም «ከአቅምህ በላይ ተመኘህ» አይለውም። ስኮላርሺፕን በዚህ ዓይን ብታዩት ማመልከት አያሳፍራችሁም።

ከሐሙሲት ወረታን አልፋችሁ፣ አዲስ ዘመን ከመድረሳችሁ በፊት ያለችውን ይፋግን አስቡ። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የበቀሉት ከዚያ ነው። በልጅነታቸው ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ወደነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተጓዙ፤ ኋላም በሀገር ቤት ቅኔና ትርጓሜ አደላደሉ። በ1905 (እ.ኤ.አ.) በርሊን ሄደው ለጀርመኖች ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። በሀገራችን መኪና በሌለበት ዘመን ከይፋግ ተነስተው በርሊን የደረሱት ከቤታቸው ይዘውት የወጡት እውቀት ስለነበራቸው ነው። እናንተም ባዶ እጃችሁን አትሄዱም፤ ይህን ኋላ እመለስበታለሁ።

እውቀት ተሻግሮ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግም በዓይናችሁ ታያላችሁ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ካስጀመሩባቸው ሁለት የገበሬ ማኅበራት አንዱ የደራው ጅግና ነበር፤ ሌላው የፎገራው ሻጋ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ዛሬ የሀገሪቱ ዋና የሩዝ ማሳ ሆኗል። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ከዚያው ከጅግና ወሰደ።

አሁን ወደ መንገዶቹ። ልብ ውስጥ ቀድማ የምትመጣው አሜሪካ ናት። እውነቱን ልንገራችሁ፦ የአሜሪካ የሁለት ዓመት ኮሌጆች ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት ድጋፍ ትንሽ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ካላሳያችሁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን ደብዳቤ አይልኩም። ከዚያ በላይ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች ምዝገባ) 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር አለ፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። እዚያ የሚኖርና በወረቀት የሚፈርምላችሁ የቅርብ ዘመድ ከሌለ ከዚህ አትጀምሩ።

ለአብዛኞቻችሁ የምመክረው መንገድ ሌላ ነው፦ የመጀመሪያ ዲግሪን እዚሁ፣ ሁለተኛውን ውጭ። ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑት ስኮላርሺፖች አብዛኞቹ ለማስተርስ ናቸው። ከኮሌጁ ቀጥላችሁ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዲግሪያችሁን በጥሩ ውጤት ብትጨርሱ፣ በአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ ማመልከት ትችላላችሁ። በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ የትምህርቱም ክፍያ የተሸፈነ ነው፤ ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች ይማራል። ሥራ ላይ ለቆዩት የእንግሊዙ ቺቭኒንግ አለ፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱም ሁለት ዓመት ሀገር ቤት መመለስን ያስገድዳል። በዲግሪ ደረጃ መጀመር ለሚሹት የቱርክ መንግሥት ቡርስላሪ በጣም መልካም ነው። ማመልከቻው በነጻ ነው፤ አውሮፕላኑን፣ ማደሪያውንና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርቱን ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ውጤትም ቢያንስ 70 ከመቶ መሆን አለበት። የሃንጋሪው ስቲፔንዲዩም ሁንጋሪኩምም ከትምህርት ክፍያ ነጻ ነው፤ የኪስ ገንዘቡ ግን አነስተኛ ስለሆነ ጥቂት ጥሪት ይፈልጋል።

ለሙያ ተማሪ ግን ከሁሉ የምወደው የጀርመኑ አውስቢልዱንግ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ክፍል ትገባላችሁ፣ የቀረውን ቀን ድርጅት ውስጥ እየሠራችሁ ትማራላችሁ። በእኛ ኮሌጆች የትብብር ሥልጠና የምትሉትን የሚመስል ነው፤ ልዩነቱ ለተማሪው ደመወዝ መከፈሉ ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ለጀመረ ሠልጣኝ በመጀመሪያው ዓመት የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በወር 682 ዩሮ ነው፤ በነርስነት ብዙ ቦታ ከ1,000 ዩሮ ያልፋል። የመኪና ጥገና፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የቧንቧ ሥራ፣ የሆቴል ሥራ፣ ሁሉም አለ። ክፍያው ለኑሮ ካልበቃ ጎደሎውን ማሳየት ስለሚጠየቅ፣ ማደሪያ የሚሰጥ አሠሪ መፈለጉ ብልህነት ነው። ዋናው ቁልፍ ቋንቋው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢ1 ደረጃ ይፈለጋል። ያ ደረጃ በአንድ ክረምት አይደረስም፤ በዓመትና በዓመት ተኩል ግን ይደረሳል። በአማርኛ ዜናው የምናውቀው ዶይቸ ቬለ ጀርመንኛ በኢንተርኔት በነጻ ያስተምራል፤ አዲስ አበባ ያለው የጎይተ ተቋም ይፈትናል። ደረጃ ሦስት ላይ እያላችሁ ማታ ማታ ማጥናት ብትጀምሩ፣ ደረጃ አራትን ስትጨርሱ ቋንቋው በእጃችሁ ነው።

ወደ ትንንሹ ወጪ እንምጣ። መደበኛው ፓስፖርት 5,000 ብር ነው። አምስት ጓደኛሞች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር እየጣላችሁ እቁብ ብትገቡ በየወሩ የአንዳችሁ ፓስፖርት ይወጣል፤ በአምስተኛው ወር ሁላችሁም ይዛችኋል። እቁቡ ሲያልቅ አትበተኑ፤ ሁለተኛውን ዙር ለሰነድ ማረጋገጫና ለአዲስ አበባ መመላለሻ አድርጉት። የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያ ለብዙ ቤተሰብ ከባዱ ነው፤ ነገር ግን በሀገራችን ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ መማራችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጂስትራር ብታስጽፉ የሚቀበሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ሲገጥማችሁም ችግራችሁን ገልጻችሁ እንዲቀርላችሁ በትሕትና ጻፉ። መጠየቅ ምንም አያስከፍልም፤ የሚፈቅዱ አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ትልቅ ነገር ላሳያችሁ። መስከረም 5 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2004 ነው። ቅጹን ሲሞላ ቸኩሎ «1997» ብሎ ቢጽፍ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት አረጀ ማለት ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ሃያ ዓመቱ የነበረው ልጅ በወረቀት ሃያ ሰባት ሆኖ ከቱርኩ ዕድል በዕድሜ ይወድቃል፤ ማንም ደውሎ አይጠይቀውም። ስምም እንደዚሁ ነው። በ12ኛ ክፍል ካርድ፣ በኮሌጁ ትራንስክሪፕት፣ በፋይዳ መታወቂያና በፓስፖርት ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ በአንድ ፊደል ቢለያይ ሰነዶቹ የሁለት ሰው ይመስላሉ። አራቱን ወረቀቶች ዛሬውኑ ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የሚስተካከል ካለ ኮሌጁን ሳትለቁ፣ ሬጂስትራሩ ስማችሁን እያወቀ አስተካክሉ። ዲግሪ የያዛችሁም የወጪ መጋራቱን ጉዳይ ጨርሱ፤ ኦሪጅናሉ ያለ እሱ አይወጣም። ከዚያ ሰነዱ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተረጋግጦ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ይደረግበታል፤ ለዚህ ሳምንታት መድቡ።

የማመልከቻው ወቅት ደግሞ ከእርሻው ወቅት ጋር ይጋጫል። ቺቭኒንግ ክረምት ላይ ተከፍቶ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ይዘጋል። ኢራስመስ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሃንጋሪ ከኅዳር እስከ ጥር መጀመሪያ፣ ቱርክ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። ይህ ሁሉ አጨዳና ውቂያ የሚደርስበት፣ ልጅ ከአውድማ የማይለይበት ጊዜ ነው። በዚያው ልክ ደግሞ እህሉ ገብቶ ቤት ውስጥ ትንሽ ብር የሚታይበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የማመልከቻውን ደብዳቤ (ሞቲቬሽን ሌተሩን) በክረምት ጻፉት፤ ለአባታችሁም በነሐሴ ንገሯቸው። «አባባ፣ ጥር ላይ ለሦስት ቀን ባሕር ዳር እሄዳለሁ፤ በሬ አይሸጥም፣ ከሩዙ አንድ ኩንታል ብቻ ለእኔ ይያዝልኝ» ቢባሉ የሚከፋቸው አባት ያሉ አይመስለኝም። ክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት እንደነበረም አንርሳ። ኔትወርክ ባለ ጊዜ ቅጹን አውርዳችሁ፣ መልሱን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ከመዝጊያው ቀን ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ላኩ።

ሞቲቬሽን ሌተር ላይ ስትደርሱ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ይህን አንባቢው በቀን መቶ ጊዜ ያየዋል። የምታውቁትን ጻፉ። በጉማራ መስኖ የለማ ቀይ ሽንኩርት ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲያወጣው ዋጋው እንዴት እንደሚወድቅ፣ ማቆያ አጥቶ እንዴት እንደሚበሰብስ ጻፉ። ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ፓምፕ ሲበላሽ እናንተ በኮሌጁ በተማራችሁት ስንቱን እንዳዳናችሁ፣ የቱ ዕቃ እንዳቃታችሁ ጻፉ። የጣና ዳርቻ ቀበሌዎች እንቦጭን እንዴት በእጃቸው እንደሚነቅሉ፣ ከሳምንታት በኋላ እንዴት መልሶ እንደሚበቅል የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ቡዳፔስትም አንካራም ያለ ፕሮፌሰር ይህን ከመጽሐፍ ያነበበው ቢሆን እንጂ ቆሞ አላየውም። ባዶ እጃችሁን አትሄዱም ያልኳችሁ ይህን ነው።

ስለ ደላላ ብዙ አልልም። ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ ብሎ ብር የሚቀበል ሰው ስኮላርሺፕ የለውም። ከላይ የጠቀስኳቸው የቱርክ፣ የሃንጋሪና የኢራስመስ ማመልከቻዎች በራሳችሁ ስልክ ያለ ክፍያ የሚሞሉ ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት «አልተመረጥክም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ለብዙ ጎበዞችም መጥቷል። ያን ቀን እዘኑ፣ ማግስቱን ሒሳቡን ሥሩ። ፓስፖርቱ አለ። ሰነዱ ተረጋግጧል። የስሙ ፊደል ተስተካክሏል። መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤውን አንዴ ጽፈዋል፣ ቀኑን ለውጠው ይፈርማሉ። ጀርመንኛው ወይም እንግሊዝኛው በአንድ ዓመት ጨምሯል። የሁለተኛው ዓመት ማመልከቻ የሚጠይቃችሁ አንድ አዲስ ደብዳቤና ጥቂት የኢንተርኔት ካርድ ብቻ ነው፤ ቱርክም ኢራስመስም ባለፈው ዓመት ሞክራችኋል ብለው በር አይዘጉም። ጥቅምት ሲገባ ፎርሙን እንደገና ክፈቱ።