«ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት
ለጉባኤያትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የሚሆን ጥናት
የሚነበቡ ክፍሎች፦ ማርቆስ 9፥14-29፤ ዮሐንስ 9፥1-3

በቦሩ ሜዳም ሆነ በደሴና በኮምቦልቻ የፕሮጀክት ሠራተኞች የልጆችን የትምህርት ካርድ ሲሰበስቡ፣ ከሁሉ በታች የሚገኝ አንድ ልጅ አይጠፋም። ዕድሜው ዘጠኝ ወይም ዐሥር ነው። ሁለተኛ ክፍልን ደግሞታል። ከብት ሲጠብቅ አንዲት ጥጃ አትጠፋበትም፤ ፊደል ግን አልገባ ብሎታል። መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል፤ ጓደኞቹ ከዚህ የከፋ ስም አውጥተውለታል፤ ጎረቤት «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል፤ እናቱ ዝም ትላለች። በሚቀጥለው ዓመት ካርዱ ከነጭራሹ አይመጣም፤ ልጁ ከቤት ቀርቷልና። የዛሬው ጥናታችን ስለዚህ ልጅ ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የተጻፈውን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ እምነትና ስለ ጸሎት ለመማር ነው፤ መልካምም እናደርጋለን። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ዐይናችን ዘልሎት የሚያልፍ ነገር አለ። ጌታ ከተራራው ሲወርድ ደቀ መዛሙርቱና ጻፎች ሲከራከሩ አገኛቸው። ልጁ ታሞ በመካከላቸው ነበረ፤ ትልልቆቹ ግን ክርክር ላይ ነበሩ። ጌታ ወደ አባቱ ዘወር ብሎ ይህ ነገር ልጁን ከያዘው ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ መጠየቅ አላስፈለገውም ነበር እንል ይሆናል። አባትየው ግን መናገር ያስፈልገው ነበር፤ ስለተጠየቀም ከልጁ ሕፃንነት ጀምሮ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ዛሬም ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአት የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጌታ ሰውየውንም ወላጆቹንም ከዚህ ክስ ነጻ አወጣቸው። የእኛ ጉባኤያት ይህን ክፍል ሰብከውታል፤ ነገር ግን በጓሮ በር «እናቲቱ ምን ብታደርግ ነው?» የሚለውን ሹክሹክታ መልሰን የምናስገባ አለንበት። ይህ ሹክሹክታ ልጅን በጓዳ ያስቀራል።

የቦሩ ሜዳ ሰው ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ሊረዳው ይገባል። ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው ይህ ስፍራ በታሪክ መጻሕፍት የሚታወቀው በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በጠሩት ጉባኤ ነው፤ በቅርቡ ዘመን ግን የታወቀው በሆስፒታሉ ነው። ሆስፒታሉን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ያቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። በዚያን ጊዜ ደዌው እርግማን ነው፣ በዘር የሚወርድ ነው ይባል ነበር፤ ሕመምተኛውም ይደበቅ ወይም ከመንደር ይወጣ ነበር። ደዌው ግን በተሕዋስያን የሚመጣ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ካጸደቀው የተቀናጀ መድኃኒት ወዲህም ፈጽሞ የሚድን ሆኗል። ቶሎ የመጣ ሰው ጣቶቹ ሳይጎዱ ይድናል፤ በሐፍረት ምክንያት ዓመታት ተደብቆ የቆየ ግን ተሕዋስያኑ ቢጠፉም የሞተው ነርቭ አይመለስለትም። ትምህርት ለከበደው ልጅም መዘግየት እንዲሁ ዋጋ ያስከፍላል።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጆሮው። በሕፃንነቱ ጆሮው መግል ይፈስስ ነበርን? አሁንስ? ለረጅም ጊዜ የሚመግል ጆሮ የመስማት ኃይልን ይቀንሳል፤ እንዲህ ያለው ልጅ የመምህሩን ድምፅ እየሰማ ቃሉን ግን አይለየውም። ከኋላው ሆናችሁ፣ ፊታችሁን ሳያይ፣ በዝግታ ስሙን ጥሩት። ደጋግማችሁ ሞክሩ። ፊታችሁን ሲያይ ብቻ የሚመልስ ከሆነ፣ «እልከኛ» የተባለው ልጅ ምናልባት የማይሰማ ልጅ ነው። እንዲህ ባለው ልጅ ላይ ድምፅን ከፍ አድርጎ መንፈስን መገሠጽ ልጁን ከማስደንገጥ በቀር ምን እንደሚጠቅም አይገባንም።

ቀጥሎ ዐይኑን። መምህሩን ለምኑና ልጁን ለአንድ ሳምንት ከፊት ወንበር ያስቀምጡት። መጽሐፉን ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ፣ ሰሌዳውን ለማየት ዐይኑን የሚያጠብብ ልጅ መነጽር ብቻ ሊሆን ይችላል የሚያስፈልገው። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዛሬ ጠቅላላ ሕክምና ሲሰጥ በተለይ በዐይንና በቆዳ ሕክምናው የሚታወቅ ነውና፣ በደጃችን ያለውን ሳንጠቀም አንቅር።

ሦስተኛው ቋንቋና የትምህርት ዕድል ነው። ከከሚሴ ወይም ከባቲ አካባቢ መጥቶ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ክፍል ዝም ቢል ቋንቋው እስኪገባው ነው። ደግሞም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። አሁን ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ከሞላቸው ልጆች ብዙዎቹ ፊደል በሚቆጠርበት ዕድሜያቸው ተፈናቅለው ወይም ቤት ውለው ነበር። ያልተማረን ልጅ መማር ከማይችል ልጅ ጋር አንቀላቅል። ርኃብና ፍርሃትም አእምሮን ያደክማሉ።

እነዚህ ሁሉ ተጠይቀው ችግሩ ከቀረ ሁለት ዓይነት ልጆችን መለየት ይገባል። አንደኛው በነገር ሁሉ እንደ እኩዮቹ ነው፤ ይጫወታል፣ የገበያ ሒሳብ በቃሉ ያሰላል፣ ተረት ይተርካል፤ ንባብ ብቻ እንደ ግንብ ቆሞበታል። ፊደላችን በሰባት ቤት ተዘርዝሮ ከሁለት መቶ በላይ ነው፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ቅጥያ ከፍና ዝቅ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በዝግታ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ድምፅን ከፊደል ጋር እያገናኘ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል። ዱላ ፊደል አያስለይም። ሁለተኛው ልጅ በሁሉም ነገር የዘገየ ነው፤ ዘግይቶ ተቀመጠ፣ ዘግይቶ ሄደ፣ ዘግይቶ ተናገረ። የዚህ መነሻ ብዙ ነው፦ ምጥ መርዘም፣ ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ በእናት ማኅፀን ሳለ የአዮዲን እጥረት። ስለ አዮዲን እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል። ከአፋር የሚመጣውን ጨው ወሎ ከጥንት ጀምሮ ሲበላው ኖሯል፤ መንግሥት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ አውጥቷል። አዮዲን ያለበትን ጨው ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ ከድኖ ማስቀመጥ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል መጨመር ይበጃል። ይህ ለተጎዳው ልጅ መድኃኒት ባይሆንም ገና ለሚወለደው ጋሻ ነው።

ወደ ቤት ስትሄዱ እንደ መርማሪ አትሂዱ። ቡና በተፈላበት ሰዓት ተቀመጡና በአክብሮት ጀምሩ፦ «እትዬ፣ ይህ ልጅ በጣም የሚወደው ሥራ ምንድን ነው?» እናት የልጅዋን ጥሩ ነገር ስትጠየቅ ምናልባት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቤተ ሰቡ ሙስሊም ቢሆን ምንም ልዩነት የለውም፤ በወሎ ጎረቤት ጎረቤት ነው።

ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱና የሪፈር ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል እለፉ። ልጁ የሚጥለው ከሆነ አትዘግዩ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ ልጅ «ጸልየንለታል» ተብሎ በድንገት ቢያቋርጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። እኛ እንጸልያለን፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ እንሰጣለን። በትምህርት በኩል የወረዳውን ወይም የከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ጠይቁ። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለችና፣ ርእሰ መምህሩ ልጁን ቢቀበል ችሮታ አላደረገም።

ለመጠየቅ የሚያፍር ወላጅ የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሥራ ያስብ። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ እስካረፉበት እስከ 2021 ድረስም ስለ ልጃቸው በአደባባይ ሲናገሩ ኖሩ። በዚህም ብዙ እናቶች የተደበቁ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።

ሐኪሙ የሚድን አይደለም ቢልስ? ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ በቀላል ቃል ልናልፈው አንወድም። ብዙዎቹ ልጆች ዕድሜ ልካቸውን እንዲሁ ይኖራሉ። ቢሆንም ልብሱን ራሱ መልበስ፣ ገንዘብ መቁጠር፣ ችግኝ ማጠጣት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መምታት ይማራሉ። ትልቁን ሥራ አንድ ትንሽ ልምምድ በየቀኑ መደጋገም ይሠራል፤ እናት ብቻዋን ግን ትደክማለች። ጉባኤው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁን የሚይዝላት አንድ ቤተ ሰብ ቢመድብ፣ ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጥባታል።

ድጋፍ ለምትልኩልን ወገኖችም አንድ ቃል አለን። የእነዚህን ልጆች ፎቶግራፍ በዚህ መጽሔት አናወጣም፤ ነገ አድገው በመንደራቸው ይኖራሉና። የላካችሁት ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ለትራንስፖርት፣ ለመነጽርና አባት ወይም እናት የቀን ሥራ ትተው ለሚሄዱበት ቀን ማካካሻ ነው።

ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለእናቲቱ ስጧት፦ ልጁ የተቀመጠበት፣ የሄደበትና የመጀመሪያ ቃል የተናገረበት ዕድሜ፤ ምጡ እንዴት እንደነበረ፤ የታመመው ከባድ በሽታ፤ ጆሮው መግሎ ያውቅ እንደሆነ፤ ይጥለው እንደሆነ፤ ምን ማድረግ እንደሚችል። የመጨረሻውን አትዝለሉት። የክፍል ደብተሩንም አብራችሁ ላኩ፤ የቀጠሮውን ቀን በፕሮጀክቱ መዝገብ ላይ አስፍሩና ከእናቲቱ ጋር የሚሄደውን ሰው ስም ከጎኑ ጻፉ።